ከጠመንጃ ወደ ካሜራ፤ ተፈጥሮን በፎቶግራፍ ያነሡ አማተሮች ታሪክ

«አማተር» የሚለው ቃል በከተማ አነጋገር ብዙ ጊዜ ክብር የለውም። ሥራውን በቅጡ ያላወቀ፣ ጀማሪ፣ ለጨዋታ ያህል የሚሞክር ሰው ማለት ይመስላል። የቃሉ ሥር ግን ከዚህ የራቀ ነው። ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ሲሻገር ይዞት የመጣው ትርጉም «ወዳድ»፣ «አፍቃሪ» የሚል ነበር። እንግዲህ አማተር ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ስለ ፍቅር የሚሠራ ሰው ነው። ይህ ጥንታዊ ትርጉም በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በተለይም የዱር እንስሳትን፣ አበቦችንና መልክዓ ምድርን በማንሣት ረገድ መንገዱን ከጠረጉት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ገበሬዎች፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች፣ ሐኪሞችና የሕግ ሰዎች ነበሩ።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ የመሣሪያ ታሪክ ብቻ አይደለም። የሰው ልጅ በአራዊትና በዕፀዋት ላይ የነበረው አመለካከት እንዴት እንደተለወጠ፣ አዳኙ እንዴት ተመልካች እንደሆነ፣ እንዲሁም ካሜራው ያየውና ሳያይ የቀረው ነገር በሰዎች ኑሮ ላይ ምን እንዳስከተለ የሚያስረዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ታሪኩ ከመነሻው ተነሥቶ እስከ ስሜን ተራሮች ድረስ ይተረካል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሁለት ፊደላት

አና አትኪንስ በ1799 በእንግሊዝ አገር በኬንት ተወለደች። አባቷ ጆን ጆርጅ ችልድረን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚሠራ የሳይንስ ሰው ስለነበር ዕውቀትን የቀሰመችው ከቤቷ ሳትወጣ ነው። አብዛኞቹ የዘመኑ የሳይንስ ማኅበራት ሴቶችን በአባልነት የማይቀበሉ ነበሩና አትኪንስ ሙያዋን የምታስመሰክርበት ወንበር አልነበራትም። የነበራት ጊዜና ለዕፀዋት ያላት ፍቅር ነበር።

በ1842 የቤተሰቡ ወዳጅ የነበረው ጆን ኸርሼል ሳያኖታይፕ የተባለውን ዘዴ አገኘ። ዘዴው ካሜራ አያስፈልገውም። በብረት ጨው የተቀባ ወረቀት ላይ አንድ ቅጠል ወይም አበባ ይጋደማል፤ በመስተዋት ተጭኖ በፀሐይ ይቀመጣል፤ ከዚያም ወረቀቱ በውኃ ይታጠባል። ፀሐይ የመታው ክፍል ጥልቅ ሰማያዊ ሲሆን፣ ቅጠሉ የጋረደው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አትኪንስ በዚህ መንገድ የእንግሊዝ አገርን የባሕር አረሞች አንድ በአንድ አተመች። የመጀመሪያው ክፍል በጥቅምት ወር 1843 ወጣ፤ ሥራው እስከ 1853 ድረስ አሥር ዓመት ያህል ቀጠለ። እያንዳንዱ ገጽ በእጅ የተሠራ ሲሆን፣ የጽሑፉም ፊደላት ሳይቀሩ በዚያው በፀሐይ ብርሃን የታተሙ ነበሩ። መጽሐፉ በፎቶግራፍ የተደገፈ የመጀመሪያው መጽሐፍ ተብሎ ይታወቃል።

አትኪንስ በመጽሐፉ ላይ ሙሉ ስሟን አላሠፈረችም። መግቢያውን የፈረመችው «ኤ. ኤ.» በሚሉ ሁለት ፊደላት ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ መጽሐፉን ያገኘ አንድ ጸሐፊ ፊደላቱ በእንግሊዝኛ «ስሙ ያልታወቀ አማተር» የሚለው ሐረግ ምሕጻር መሰሉት። ስሕተቱ በኋላ ታረመ። ይሁን እንጂ በአንድ በኩል እውነት ነበረው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የአማተሮች ትውልድ በአብዛኛው ስሙ ያልታወቀ ነበርና።

መስተዋት፣ መድኃኒትና ድንኳን

ከ1851 ጀምሮ የተስፋፋው የእርጥብ መስተዋት ዘዴ ሥዕልን አጥርቶ ቢያወጣም ለመንገደኛ ቀንበር ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው መስተዋቱን በመድኃኒት ይቀባል፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ያስገባል፤ ሳይደርቅ አንሥቶ ሳይደርቅ ያጥባል። ስለዚህ ወደ ተራራ የሚወጣ ሁሉ ጨለማ ክፍሉን በድንኳን መልክ፣ መድኃኒቱን በጠርሙስ፣ መስተዋቱን በሳጥን አድርጎ በበቅሎ ይጭን ነበር። የሚበር ወፍ፣ የሚሮጥ ሚዳቋ ማንሣት የማይታሰብ ነገር ነበር። ተራራና ዛፍ ይነሡ የነበሩት ስለማይንቀሳቀሱ ጭምር ነው።

ይህን ቀንበር የሰበረው አንድ አማተር ነው። ሪቻርድ ሊች ማዶክስ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን ትርፍ ጊዜውን በአጉሊ መነጽር የሚታዩ ጥቃቅን ነገሮችን በፎቶግራፍ በማንሣት ያሳልፍ ነበር። የእርጥቡ መስተዋት መድኃኒት ሽታ ጤናውን ስለጎዳው ሌላ ዘዴ ሲፈልግ ጄላቲን የተቀባ ደረቅ መስተዋት ሠራ። ግኝቱን በ1871 በአንድ የፎቶግራፍ መጽሔት ላይ አወጣ እንጂ በስሙ አስመዝግቦ አልነገደበትም። ሌሎች ዘዴውን አሻሻሉት፤ ደረቁ መስተዋት በፋብሪካ ተመርቶ በገበያ ይሸጥ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፍ አንሺው ድንኳኑን ቤቱ ትቶ መሄድ ቻለ።

ሌላው እርምጃ የተወሰደው በአሜሪካ ነው። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ኮዳክ የተባለውን አነስተኛ ካሜራ ለገበያ አቀረበ። መቶ ሥዕል የሚይዝ ጥቅል ፊልም የጎረሰ ሳጥን ሲሆን ዋጋው 25 ዶላር ነበር። ገዢው መቶውን ከጨረሰ በኋላ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከዋል፤ ሥዕሎቹ ታጥበውና ታትመው፣ ካሜራውም አዲስ ፊልም ጎርሶ ይመለስለታል። ይሁንና 25 ዶላር በዚያ ዘመን ለሠራተኛው ቤተሰብ ከባድ ገንዘብ ነበር። በ1900 የወጣው ብራውኒ የተባለው የካርቶን ካሜራ ግን አንድ ዶላር ብቻ ስለነበር በልጆች እጅ ሳይቀር ገባ። በኋላ በአሜሪካ ተራሮች ሥዕል ዝናው የናኘው አንሴል አዳምስ በ1916 ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ ለዕረፍት ሲሄድ ወላጆቹ የሰጡት ካሜራ ይኸው ብራውኒ ነበር።

የጄሪኮው ገበሬ

መሣሪያ ብቻውን አያይም፤ የሚያየው ሰው ነው። ለዚህ አብነት የሚሆነው በአሜሪካ በቨርሞንት ግዛት ጄሪኮ በተባለ የገጠር ቀበሌ በ1865 የተወለደው ዊልሰን ቤንትሊ ነው። ቤንትሊ ከልጅነቱ እስከ ሞቱ የኖረው በዚያው በአባቱ እርሻ ላይ ከብት እያረባ ነው። እናቱ ቀድሞ አስተማሪ ስለነበረች ትምህርቱን አብዛኛውን ያገኘው ከእርሷ ነበር። አሮጌ አጉሊ መነጽሯንም የሰጠችው እርሷ ናት። አብረውት ያደጉ ልጆች በበረዶ ሲጫወቱ እርሱ የበረዶዋን ቅንጣት በመነጽሩ ይመረምር ነበር። የእያንዳንዷን ቅንጣት መልክ በእርሳስ ለመሣል ቢሞክርም ሳይጨርስ ትቀልጥበታለች።

አባቱ እያጉረመረመም ቢሆን ገንዘብ አውጥቶ ካሜራና የተሻለ አጉሊ መነጽር ገዛለት። ሁለቱን አጣምሮ ብዙ ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካለት በኋላ ጥር 15 ቀን 1885 የአንዲት የበረዶ ቅንጣትን ሥዕል አነሣ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ ዓመት አልሞላም ነበር። ዘዴው ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር፤ ማሞቂያ በሌለው ቤት ውስጥ ቆሞ፣ የሚወርደውን በረዶ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተቀብሎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ የመረጣትን ቅንጣት በስንጥር እንጨት አንሥቶ በመስተዋት ላይ በላባ ያስተኛታል። ከዚያ ሳትቀልጥ ያነሣታል። በዚህ ሁኔታ በአርባ ስድስት ክረምት ውስጥ ከ5000 በላይ ሥዕሎችን አከማቸ።

ጎረቤቶቹ ሥራውን እንደ ሥራ አልቆጠሩትም። ላም የሚያልብ ሰው በዶፍ በረዶ ቆሞ የሚቀልጥ ነገር ሲለቅም መዋሉ ያስቃቸው ነበር። ሥዕሎቹን የሚሸጠው በጥቂት ሳንቲም ስለነበር ወጪውን እንኳ የሚመልስለት አልነበረም። ነገር ግን በ1931 ከሜትሮሎጂ ሊቁ ከዊልያም ሃምፍሪስ ጋር ያዘጋጀው ከ2000 በላይ ሥዕሎችን የያዘ መጽሐፍ ታተመ፤ የሥዕሎቹም ስብስብ ለሳይንስም ለጌጣጌጥ ጥበብም ምንጭ ሆነ። መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ታኅሣሥ 23 ቀን 1931 ቤንትሊ በሳንባ ምች ሞተ። በዓለም ላይ ሁለት አንድ ዓይነት የበረዶ ቅንጣት የለም የሚለው አባባል በሰፊው የተሰራጨው ከዚህ ገበሬ ሥራ በመነሣት ነው።

በበሬው ሆድ ውስጥ

የበረዶ ቅንጣት አትሸሽም፤ ወፍ ግን ትሸሻለች። የዱር ወፍን በራሷ ጎጆ አጠገብ፣ በራሷ ጠባይ ለማንሣት ሌላ ብልሃት ያስፈልግ ነበር። ብልሃቱን ካዳበሩት መካከል ዋነኞቹ ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። የተወለዱት በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር ሸለቆዎች ውስጥ በሚገኝ ትዌይት በተባለ አነስተኛ መንደር ሲሆን ወላጆቻቸው የገጠር ሰዎች ነበሩ። ታላቁ ሪቻርድ በልጅነቱ የወፍ ጎጆ ፍለጋ ሲወጣ በደረሰበት አደጋ ዳሌው ተጎድቶ ዕድሜ ልኩን አንካሳ ሆኖ ቀረ። ወደ ለንደን መጥቶ በአንድ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ፤ ታናሹም ተከተለው። ከተማው ግን ከልጅነታቸው ሜዳ አላስረሳቸውም።

ሚያዝያ 10 ቀን 1892 ከለንደን ሰሜን በሚገኝ ገጠር ሲዘዋወሩ ቼሪ በርካሽ በገዛው ያገለገለ ካሜራ እንቁላል ያለበትን የወፍ ጎጆ አነሣ። ሥዕሉን ያየው ሪቻርድ አንድ ሐሳብ መጣለት። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ወጣቶች ስለ ወፎች የሚማሩት ወፎቹን ገድሎ በማድረቅና እንቁላላቸውን ከየጎጆው በመሰብሰብ ነበር። ጎጆው በነበረበት ቦታና ሁኔታ በፎቶግራፍ ቢቀርብ ግን እንቁላሉን ሳይነኩ ማወቅ ይቻላል። ወንድማማቾቹ ከሥራ የተረፋቸውን ጊዜ ሁሉ ለዚህ አውለው፣ በገደል ላይ በገመድ እየተንጠለጠሉ፣ በረግረግ እየተኙ ባነሧቸው ሥዕሎች በ1895 የእንግሊዝ አገር ወፎችን ጎጆዎች የሚመለከት መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ሁሉንም ሥዕሎች በቀጥታ ከተፈጥሮ በተነሡ ፎቶግራፎች ያቀረበ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፍ ተብሎ ይጠቀሳል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ወፎቹን እራሳቸውን እንዴት ማንሣት ይቻላል የሚል ነበር። ወንድማማቾቹ ከሜዳው መልክ ጋር የሚመሳሰል መደበቂያ መሥራት ያዙ፤ ከግንድ የተቦረቦረ የሚመስል ሽፋን፣ የበግ ቆዳ፣ የቆሻሻ ክምር። ከሁሉ የሚታወቀው በ1900 ያሠሩት የበሬ ቆዳ ነው። ውስጡ ባዶ በሆነው በዚህ ሰው ሠራሽ በሬ ውስጥ አንሺው ከነካሜራው ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ሌንሱ በበሬው ደረት በተበጀ ቀዳዳ ይመለከታል። በሬ በሜዳ ላይ ቆሞ ማየት ለወፍ ብርቅ ስላልሆነ ያለፍርሃት ትቀርባለች። አንድ ቀን ሪቻርድ በውስጡ ለብዙ ሰዓት ከቆየ በኋላ በሬው ከነሰዉ ተገልብጦ አራቱን እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተገኘ። ቼሪም ወንድሙን ከማውጣቱ በፊት ሥዕሉን አነሣ። ታሪኩ ያስቃል፤ ቁም ነገሩ ግን ከሣቁ ጀርባ አለ። ከዚያ በፊት የወፏን መልክ ለማወቅ ወፏ ትሞት ነበር፤ አሁን ወፏ በሕይወት እንድትኖር ሰውየው በበሬ ሆድ ውስጥ ጎብጦ ይውላል።

የአዳኙ ቋንቋ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ካሜራ ይጎርሳል፣ ይነጣጠራል፣ ይተኮሳል። በቅጽበት ለሚነሣ ፎቶግራፍ የተሰጠው ስም እንኳ ሳያልሙ በድንገት ለሚተኩሱት ጥይት ከነበረው የአዳኞች ቃል የተወሰደ ነው። የቋንቋው ዝምድና እንዲያው የመጣ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዱር እንስሳትን በካሜራ ያሳድዱ ከነበሩት ብዙዎቹ ቀድሞ በጠመንጃ ያሳድዱ የነበሩ ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ ሦስተኛ ነው። አባቱ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ ባለ ሀብት ቤተሰብ ልጅ ሲሆን እርሱም የሕግ ባለሙያ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በሚቺጋን ግዛት በሱፒሪየር ሐይቅ አካባቢ ሲያድን የአካባቢው ነባር ሕዝብ የኦጂብዌዎች የሌሊት አደን ዘዴን ያውቅ ነበር። ታንኳው ፊት ላይ እሳት ይነዳል፤ ቀዛፊው ድምፅ ሳያሰማ ይቀዝፋል፤ ውኃ ሊጠጣ የወረደው አጋዘን በብርሃኑ ፈዞ ሲቆም ዓይኖቹ በጨለማ ውስጥ እንደ ሁለት ፍም ያበራሉ። አዳኙም በሁለቱ መካከል ይተኩሳል። ሺራስ ታንኳውን፣ ጸጥታውንና ብርሃኑን እንዳሉ አስቀርቶ ጠመንጃውን በካሜራና በማግኒዚየም ዱቄት ለወጠው። ዱቄቱ ሲፈነዳ ሌሊቱ ለቅጽበት ቀን ይሆናል፤ አጋዘኑ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ወደ ጫካው ይመለሳል። ሌላም ዘዴ ነበረው፤ በእንስሳቱ መተላለፊያ ላይ ክር ወጥሮ ይሄዳል፤ አውሬው ክሩን ሲነካው የራሱን ሥዕል ራሱ ያነሣል። ዛሬ ተመራማሪዎች በየጫካው የሚያስቀምጧቸው ካሜራዎች የዚህ ክር ልጆች ናቸው።

እነዚህ የሌሊት ሥዕሎች በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳልያ አገኙ። በሐምሌ ወር 1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት 74ቱን በአንድ ጊዜ ሲያወጣ ከማኅበሩ የቦርድ አባላት ሁለቱ መጽሔታችን የሥዕል ደብተር ሆነ ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። አንባቢው ግን ወደደው፤ የመጽሔቱም መልክ ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። ሺራስ በበኩሉ የምክር ቤት አባል በነበረበት ጊዜ በ1904 ተጓዥ ወፎች በፌዴራል መንግሥት ሕግ እንዲጠበቁ የመጀመሪያውን ረቂቅ አቀረበ። ሐሳቡ በብዙ ደረጃ አልፎ በ1918 የጸና ሕግ ሆነ።

ሁሉም ግን ጠመንጃውን አልጣለም። ጀርመናዊው ካርል ጌዮርግ ሺሊንግስ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ያነሣቸውን የሌሊት ሥዕሎች በ1905 ባወጣው መጽሐፍ ሲያቀርብ ርእሱ እራሱ ፍላሹንና ጠመንጃውን ጎን ለጎን ያቆመ ነበር። አንበሳውን ወደ ካሜራው ለመጥራት በሬና አህያ በገመድ አሥሮ ያቀርብ ነበር። ከባዱን ካሜራ፣ መስተዋቱንና ዱቄቱን ተሸክመው በእግር የተጓዙት ደግሞ አፍሪካውያን ተሸካሚዎች ናቸው። አውሮፓ ያደነቀው የአንዱን ሰው ድፍረት ነበር። የተሸካሚው ላብና የበሬው ደም በሥዕሉ ዋጋ ውስጥ አልተቆጠሩም። በአንጻሩ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ኖርዝ በክስተን በ1902 ባሳተመው የአፍሪካ ጉዞ መጽሐፉ አዳኞች ጠመንጃቸውን በካሜራ እንዲለውጡ ወተወተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የዱር እንስሳት ጥበቃ ማኅበር አቋቋመ። ይሁንና ይህም ማኅበር የቅኝ ገዢዎች ማኅበር ነበር። በጥበቃው ስም ለራሱ ምግብ የሚያድነው አፍሪካዊ «ሕገ ወጥ አዳኝ» ሲባል፣ ፈቃድ ከፍሎ የሚያድነው እንግዳ «ስፖርተኛ» ተባለ።

ሥዕሉ ያላሳየው

ካሜራ የሚያሳየውን ያህል ይሰውራል። ካርልተን ዋትኪንስ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በ1861 ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ ገብቶ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው መስተዋቶች ገደሉን፣ ፏፏቴውንና ግዙፎቹን ዛፎች አነሣ። ሥዕሎቹ በምሥራቁ ክፍል ከታዩ በኋላ ሸለቆው ለሕዝብ መዝናኛ ተጠብቆ እንዲኖር የሚያዘውን ሕግ ፕሬዚዳንት ሊንከን ሰኔ 30 ቀን 1864 ፈረሙ። ፎቶግራፍ ሕግ ለማውጣት የረዳበት ቀደምት ምሳሌ ይህ ነው። በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ ግን ሰው አይታይም። ሸለቆው ባዶ መስሎ የታየው ባዶ ስለነበር አይደለም። በ1851 የሚሊሺያ ጦር ገብቶ የአዋኒቺ ሕዝብን መንደሮች አቃጥሎ ነዋሪዎቹን አባሮ ነበር። ተመልሰው የኖሩትም ቢሆኑ የመጨረሻው መንደራቸው በ1969 ፈረሰ።

በ1872 የተመሠረተው የየሎስቶን ፓርክ ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በ1871 ዊልያም ሄንሪ ጃክሰን ያነሣቸው ፎቶግራፎች ሕግ አውጪዎቹን ሲያሳምኑ በዚያው ምድር ያድኑ የነበሩት ነባር ሕዝቦች ግን በውሳኔው ላይ ቃል አልነበራቸውም። ከዚህ ተነሥቶ አንድ የማየት ልማድ ተፈጠረ፤ ውብ ተፈጥሮ ማለት ሰው የሌለበት ተፈጥሮ ነው የሚል። ይህ ልማድ ወደ አማተሮቹም ካሜራ ገባ። መንገደኛው ሥዕል ከማንሣቱ በፊት ጎጆው፣ እረኛውና ማሳው ከሌንሱ እስኪወጡ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል።

ከእንጦጦ እስከ ስሜን

በኢትዮጵያም አራዊትን መጣል የጀግንነት ማስረጃ ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ በፉከራና በቀረርቶ ይወደስ ነበር፤ ግዳይ ጣለ ይባልለታል። የውጭ ሰዎች ሳይንስም ከዚህ አልራቀም ነበር። በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ የኢትዮጵያን አራዊትና አዕዋፍ ያጠናው በአብዛኛው ተኩሶ በመሰብሰብ ነው። በዚያው ዘመቻ ካሜራ የያዙ የመሐንዲስ ወታደሮችም ነበሩ፤ ዋና ሥራቸው ግን ካርታና ንድፍ ማባዛት ሲሆን መልክዓ ምድሩን ያነሡት በተጓዳኝ ነው። በአርሲና በባሌ ገበሬዎች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው የደጋ አጋዘን ለዓለም ሳይንስ የተዋወቀው በ1908 አይቨር በክስተን በገደለው እንስሳ ቆዳና ቀንድ አማካይነት ሲሆን፣ በ1910 ሳይንሳዊ ስሙ በአዳኙ ስም ተሰየመ።

ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ሥር ሲሰድ መኖሪያው ቤተ መንግሥትና ፎቶ ቤት ሆነ። ከአርመን የመጡት የቦያጂያን ቤተሰብ አባላት ለተከታታይ ነገሥታት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው አገልግለዋል። በከተማው ፎቶ ቤቶች የተፈጥሮ ሥዕል ቢኖር በመጋረጃ ላይ የተሣለ ሐይቅ ወይም የአበባ አትክልት ነበር። ከተሜው ወደ ተፈጥሮ ሳይወጣ ተፈጥሮ በመጋረጃ ሆና ወደ ከተሜው ትመጣለች። ከእንጦጦ ሜዳ በመስከረም የሚፈካው አደይ አበባ ግን ካሜራ ሳይፈልገው ለብዙ ዘመን ፈክቶ ረግፏል።

ለውጡ የጎላው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የመሩት የቱሪስት ድርጅት «የ13 ወር ጸጋ» በሚለው መፈክር የአገሪቱን መልክ በፖስተርና በፖስት ካርድ አሠራጨ። በኬንያ የግብርና ባለሙያ የነበረውና በፍቅር የንስር ወፎችን ያጠና የነበረው ሌስሊ ብራውን በ1963 የስሜንንና የባሌን ተራሮች ተዘዋውሮ ካየ በኋላ በ1965 ባወጣው መጽሐፍ የዋልያውንና የደጋ አጋዘኑን አደጋ አሳወቀ። በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቋመ፤ አባላቱም ሙያቸው ልዩ ልዩ የሆነ ተፈጥሮን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ1969 በሕግ ጸና። በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች መካከል ስሜን አንዱ ሆነ። በዚያው ዝርዝር ውስጥ የጃክሰን ካሜራ ያነሣው የሎስቶን ነበር።

ሁለቱ ፓርኮች በአንድ መዝገብ ላይ ብቻ አልተገናኙም፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነው። በዓለም የተሠራጩት የስሜን ሥዕሎች ገደሉን፣ ጅብራውን፣ በሣር ላይ የተቀመጠውን የጭላዳ መንጋና በገደል አፋፍ የቆመውን ዋልያ ያሳያሉ። በዚያው ሥዕል ጠርዝ ገብስ የሚዘራ፣ በግ የሚጠብቅ፣ ከዋልያው ጋር አንድ ተራራ የሚጋራ ገበሬ ነበር። የእርሻውና የግጦሹ መስፋፋት እንስሳቱን ማስጨነቁ እውነት ነው፤ ፓርኩም በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገብቷል። በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመት 2017 ፓርኩ ከአደጋ ዝርዝር ወጣ። የግጭ ሣር ማገገሙ ደስ ያሰኛል፤ ከአያት ከቅድመ አያት ማሳ የተነሣው ቤተሰብ የከፈለውም ዋጋ ዋጋ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል፣ ቢያምርም፣ ግማሽ እውነት ነው።

ማጠቃለያ

በአሁኑ ጊዜ ካሜራ በእጅ ስልክ ውስጥ ስላለ በመንገድ ላይ ያየውን ወፍ ወይም አበባ የማያነሣ ሰው ጥቂት ነው። አማተሮች ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰው የሚያከማቹት ሥዕል ለተመራማሪዎች ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል፤ የወፎች ጉዞ፣ የአበቦች መፍኪያ ጊዜ መለዋወጥ ከእርሱ ይነበባል። አትኪንስ በሰማያዊ ወረቀት፣ ቤንትሊ በጥቁር ሰሌዳ የጀመሩት ሥራ ሳይቋረጥ ቀጥሏል ማለት ነው። የአሮጌው አዳኝ ጠባይም አብሮ ቀጥሏል። ለአንድ ሥዕል ሲል ወፏን ከጎጆዋ የሚያባርር፣ አበባውን ቀጥፎ ለብርሃን የሚያመቻች፣ ጭላዳውን በዳቦ የሚያታልል ሰው ጠመንጃ ባይዝም አዳኝ ነው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የመረጠው ቃል በጎ ነው። ካሜራ አይተኮስም፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ማንሣት የወደቀውን ቀና ማድረግ፣ የተረሳውን ማስታወስ፣ ሸክምንም መሸከም ነው። ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር የሚወርድ አስተማሪ፣ ከተራራ አፋፍ ላይ ካሜራውን የሚያስተካክል አርቲስት ይህን ቃል ቢያስብበት ይጠቀማል። ወፏ ካልተጎዳች፣ አበባው በግንዱ ላይ ከቀረ፣ ከማሳው ዳር የቆመውም ገበሬ ከሥዕሉ ካልተገፋ ያን ጊዜ በእርግጥ አንሥቷል።